እንጨት ወደ ግንባታው ተመልሷል፤ ደኑስ?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የግንባታ ቦታዎች ለሚውል ሰው እንጨት እንግዳ ነገር አይደለም። ካሳፎርሙ እንጨት ነው፤ አርማታው እስኪጠነክር ድረስ የሚሸከመው ሞራሌና ኮምፔንሳቶም እንጨት ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን እንጨቱ ተነቅሎ ይወገዳል፤ ሕንፃ ተብሎ የሚቀረው ብረቱና ሲሚንቶው ነው። ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በጃፓን የታየው ለውጥ ይህን ልማድ ገልብጦታል። በዚያ እንጨቱ ራሱ ዓምድ፣ ወለልና ግድግዳ ሆኖ እንዲቀር ተደርጓል።

የለውጡ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኦስትሪያና በጀርመን የዳበረ አሠራር ነው። ሳንቃዎች አንዱ ንብርብር በርዝመት፣ ቀጣዩ በአግድም እየሆኑ በሙጫ ይጣበቃሉ። አንዱ ንብርብር የሌላውን ማበጥና መኮማተር ስለሚገታ ከጥድ ሳንቃ አንድ ሙሉ ግድግዳ ይወጣል። በዚህና በመሰል ዘዴዎች በካናዳ ቫንኩቨር እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው ባለ 18 ፎቅ የተማሪዎች መኖሪያ የእንጨት አካሉ ከ70 ቀናት ባነሰ ጊዜ ቆሟል። በኖርዌይ ብሩሙንዳል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 የተጠናቀቀው ሚዮስቶርኔት 85.4 ሜትር ከፍታ አለው፤ በአሜሪካ ሚልዋኪ እ.ኤ.አ. በ2022 የተጠናቀቀው አሴንት ደግሞ 25 ፎቅ ነው። ይሁንና ከእነዚህ ሕንፃዎች አንዱም እንጨት ብቻ አይደለም። የቫንኩቨሩና የሚልዋኪው ሕንፃዎች የደረጃና የአሳንሰር ማማቸው አርማታ ነው። የኖርዌዩም ቢሆን እንጨት ቀላል በመሆኑ ነፋስ እንዳያወዛውዘው የላይኞቹ 7 ወለሎች ኮንክሪት ተደርገዋል። ስለ እንጨት ሕንፃ የሚነገረው ውዳሴ ይህን ሐቅ ብዙ ጊዜ ይዘልለዋል።

ሁሉም የሚያነሣው ጥያቄ እሳት ነው። ወፍራም የእንጨት ምሰሶ እንደ ችቦ አይነድም፤ ውጫዊ ገጹ ከስሎ የውስጡን አካል ይሸፍናል። የከሰሉ ንብርብር ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በደቂቃ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ መሐንዲሱ ምሰሶው ስንት ደቂቃ እንደሚቆም አስልቶ ያወፍረዋል። ያም ሆኖ ከለንደኑ የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ በኋላ እንግሊዝ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ የመኖሪያ ሕንፃዎች ውጫዊ ግድግዳ ላይ ተቀጣጣይ ነገር እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ2018 ከለከለች። ግሬንፌል የእንጨት ሕንፃ አልነበረም፤ የሕጉ ጫና ግን በእንጨት ግንበኞችም ላይ አርፏል።

መንግሥታት ወደ እንጨት የሚያዘነብሉበት ዋነኛ ምክንያት ሲሚንቶ ነው። ዓለም ከምትለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት ይመነጫል። በአንጻሩ ግማሽ ቶን የሚመዝን አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ ጥድ፣ ዛፉ በሕይወት ሳለ ከአየር የወሰደውን 0.9 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አምቆ ይይዛል።

ስሌቱ ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፤ የክርክሩም እምብርት ይኸው ነው። አንደኛው፣ በተቆረጠው ዛፍ ቦታ ሌላው መብቀሉ፤ ሁለተኛው፣ እንጨቱ በሕንፃው ውስጥ ለረጅም ዘመን መቆየቱ ነው። በኦሳካው የ2025 ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ዙሪያው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ግዙፍ የእንጨት ቀለበት ቆሞ ነበር። ገና ከመከፈቱ ጀምሮ፣ ኤክስፖው ሲያበቃ ምን ያህሉ ይቆይ፣ የሚፈርሰውስ ወዴት ይሂድ የሚለው አከራክሯል። ለወራት ቆሞ የሚቃጠል እንጨት የያዘውን ካርቦን መልሶ ለአየር ያስረክባል፤ የካርቦን ውለታውም በዚያው ያከትማል።

ስለ ደኑ ያለው ዜና ደግሞ የሚያጽናና አይደለም። በጀርመን ከ2018 ወዲህ በተከታተለው ድርቅና በቅርፊት በል ጥንዚዛ ምክንያት በሦስት ዓመት ጥቂት ጊዜ ውስጥ ብቻ 500 ሺህ ሄክታር ያህል ደን ጠፍቷል። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ15 ሚሊዮን ሄክታር በላይ በሰደድ እሳት ተቃጥሏል። የደን አገር በምትባለው ፊንላንድም፣ የአገሪቱ የራሷ ስሌት እንዳሳየው፣ ከመጠን ያለፈ ቆረጣና የዕድገት መቀዛቀዝ ተደማምረው የመሬት አጠቃቀሙ ዘርፍ ካርቦን ከመምጠጥ ወደ መልቀቅ ዞሯል። እንጨት ወዳድ አርክቴክቶች ስለ ጣውላው ውበት ከሚናገሩት እኩል ስለ ደኑ ዕድሜ ቢናገሩ መልካም ነበር።

የምንኖርበት ባሕረ ሰላጤም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት የዚህ አካባቢ ቤቶች ጣሪያ የሚያርፈው ከኬንያው ላሙና ከታንዛኒያው ሩፊጂ በመርከብ በሚመጣ የማንግሮቭ አጣና ላይ ነበር፤ የአገሩ ሰው ቸንደል ይለዋል። የአጣናው ርዝመት የክፍሉን ስፋት ይወስን ስለነበር የድሮ ክፍሎች ጠባብና ረጅም ናቸው፤ በሙዚየምነት የተጠበቁትን ቤቶች የጎበኘ ሰው ይህን ልብ ይላል። የባሕሩ ዳርቻ ደን በቆረጣ ሲሳሳ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1982 አጣናው ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። የገዢው ከተማ ማደግና የሻጩ ደን መሳሳት፣ እንግዲህ፣ በዚህ ባሕር ላይ የቆየ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ላንሣ። ዐረብኛ ለሥራ የሚውለውን እንጨት ኸሸብ፣ ለማገዶ የሚውለውን ሐጠብ ብሎ ይለያል። አማርኛችን ሁለቱንም እንጨት ይላቸዋል፤ ተርጓሚ ሁሌም እዚህ ላይ ቆም ይላል። በኢትዮጵያ ያለው የደን ኢኮኖሚም ከዚህ አይርቅም፤ ከሚቆረጠው እንጨት አብዛኛው የሚያልቀው ምድጃ ውስጥ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የአዲስ አበባን የእንጨት ችግር ለማቃለል የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬም በአብዛኛው ማገዶ፣ የጭቃ ቤት ማገርና የፎቅ ሕንፃ መወጣጫ ነው። ለአንድ ሕንፃ ከቆመ በኋላ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ሲያረጅ ይነዳል።

ዝርያው ስላነሰው ግን አይደለም። በስፔን ጋሊሲያ ግዛት ደጋችንን የሸፈነው ያው ነጭ ባሕር ዛፍ ሳንቃው ተደራርቦ ተጣብቆ የሕንፃ ምሰሶ ይሆናል፤ ጥንካሬውም ከጥድ ይልቃል። ችግሩ ሌላ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይጣመማል፤ ስለዚህ በዝግታ የሚያደርቅ ምድጃና የሠለጠነ ባለሙያ ይሻል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ጊዜው ነው። አጣና በጥቂት ዓመታት ይደርሳል፤ ለጣውላ የሚበቃ ወፍራም ግንድ ግን ከዚያ እጥፍ ድርብ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመሃል የልጅ ትምህርት ቤት አለ፤ የበሽታ ወጪ አለ፤ ሠርግ አለ። ባሕር ዛፍ ለገበሬው የቁጠባ ደብተሩ ነው፤ በቸገረው ቀን ይቆርጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኢትዮጵያ የደን አዋጅ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነትን ለይቶ ማወቁ ትልቅ እርምጃ ነው። ከ2019 ጀምሮ በየክረምቱ የሚካሄደው የችግኝ ተከላም ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ ዛፉ ለግንድ እስኪበቃ ድረስ ባለቤቱን የሚደግፍ የረጅም ጊዜ ብድር፣ ከዚያም ግንዱን በማገዶ ዋጋ ሳይሆን በጣውላ ዋጋ የሚቀበል ፋብሪካ ካልተገኘ፣ ገበሬው በአራተኛው ዓመት ምሣሩን ቢያነሣ ሊወቀስ አይገባም። ከዚህ ወደ አገር ቤት ገንዘብ እየላኩ ቤት የሚያሠሩ ወገኖቻችንም ለበርና ለኮርኒስ የሚከፍሉት የጣውላ ዋጋ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው።