ዋንጫው ይምጣ፣ ሜዳውስ?

ወገን! «የአፍሪካ ዋንጫን እናስተናግድ» ሲባል ደሙ የማይሞቅ ማን አለ? በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. አስተናግደናል። በ1954ማ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን እዚሁ አዲስ አበባ አስቀርተናል።

ከዚያስ? ለ2020ው ቻን አዘጋጅነቱ ተሰጥቶን ሳንደርስ ቀረን፤ ካሜሩን ወሰደችው። ካፍ ስታዲየሞቻችንን ሲያግድ ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ሰው አገር ተጫወቱ፤ እኛ ዲኤስቲቪ ቤት ተጋፍተን አየን። አደይ አበባ ስታዲየም ከተጀመረ ስንት ዓመት ነጎደ?

«አታሟርቱ» የሚሉን አሉ። ማሟረት አይደለም! እንግዳ የሚጠራ መጀመሪያ ቤቱን ያዘጋጃል። አገር መውደድ ማጨብጨብ ብቻ አይደለም፤ «ስንት ፈጀ? መቼ ያልቃል?» ማለትም ነው።

አንተስ፣ አንቺስ? በከተማችሁ የተጀመረው ስታዲየም የት ደረሰ? ጠይቁ። ዋንጫው ከመምጣቱ በፊት ዋልያዎቹ አገራቸው ገብተው ይጫወቱ!