በካርቶን ላይ የተሣለ ኪቦርድ

ፋርጣ ውስጥ፣ ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቅ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ በብስኩት ካርቶን ላይ የሣለችውን ኪቦርድ አሳየችኝ። መምህሯ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣለውን ነው የገለበጠችው። አንድም ፊደል ቦታውን አልሳተም። ማታ ከብት ካስገባች በኋላ ጣቶቿን እያሳረፈች ትለማመድበታለች። ርዕሰ መምህሩ የኮምፒውተር ክፍሉን ከፍተው ከእውነተኛው ኪቦርድ ፊት ሲያስቀምጧት ግን ቁልፉን እንደ ካርቶኗ ጠበቅ አድርጋ ተጫነችውና ጣቷን ሳታነሣ ቆየች። አንዱ ፊደል በስክሪኑ ላይ እየተባዛ መስመሩን ሞላው። ያበላሸች መስሏት እጇን ወደ ነጠላዋ ሰበሰበችና ርዕሰ መምህሩን ቀና ብላ አየቻቸው።

ያ አስተያየቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ቁልፍ ነካ ተደርጎ እንደሚለቀቅ የሚያስረዳ ሥዕል የለም። በጣት የሚታወቅ ነገር ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍልን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለብቻው ሲያወጣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አስገብቶታል። ውሳኔውን ከልቤ እደግፋለሁ። በ13 እና በ14 ዓመት የተለመደ ሙያ ከእጅ አይወጣም። ነገር ግን ብዙ ቦታ ትምህርቱ ደብተር ላይ ቀርቷል። ተማሪው የሃርድዌርንና የሶፍትዌርን ልዩነት ሸምድዶ ከአሥር አሥር ያገኛል፤ የጻፈውን ሴቭ አድርጎ ነገ መልሶ እንዲያወጣው ሲጠየቅ ግን ያፈጣል። ከተማ ያሉት ልጆች ስልክ ይነካካሉ፣ ቴሌግራምም ቲክቶክም ያውቃሉ። ይህ ግን ሌላ ነው። ስልክ ሌላው የሠራውን ያሳያቸዋል፤ ሠንጠረዥ መሥራት፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ ፋይልን በስሙ አስቀምጦ መልሶ ማግኘት ከስልክ አይገኝም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ኮምፒውተር እያለ የማይነካበት ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ከአንድም ሁለት ቦታ ገብቼ አይቻለሁ። ማሽኖቹ በጨርቅ ተሸፍነው ተደርድረዋል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ አለ። ቁልፉን የያዘው ሰው ክፉ አይደለም። ንብረቱን በሞዴል 22 ፈርሞ ተረክቧል፤ አንድ ማውስ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል፣ ተማሪ ሁሉ ሳይነካው አሥር ዓመት ቢያልፍ ግን ማንም አይጠይቀውም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ስንት ኮምፒውተር አላችሁ ብለው መጠየቁን ትተው፣ በዚህ ሳምንት ስንት ልጅ ስንት ሰዓት ነካው ብለው ይጠይቁ። በተማሪ እጅ ያረጀ ኪቦርድ እንደ አለቀ ጠመኔ ተቆጥሮ ይወራረድ።

ጥቂት ማሽን ለአርባ ልጅ ምን ይፈይዳል የሚል ይኖራል። ይህን ጥያቄ ደቡብ ጎንደር ከማንም ይልቅ ሊመልሰው ይችላል። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ማስመስከሪያ ነው፤ ከየአገሩ ድጓ የተማረ ሁሉ መምህር ለመባል እዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ የኔታ ብዙ ተማሪ ይይዛሉ፣ መጽሐፍም ለሁሉም አይደርስም። ግን ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ አንዱ ሲያዜም ሌላው እየሰማ ያርመዋል። ተማሪው ማወቁ የሚታወቀው መምህሩ ፊት ቆሞ ሲያደርገው ነው። በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ አራት ልጆች ቢቀመጡ፣ አንዱ ቢጽፍ፣ ሌሎቹ ቢያርሙ፣ በየሩብ ሰዓቱ ቢለዋወጡ፣ ያወቀው ላላወቀው ቢያሳይ፣ ይህ ለእኛ አገር አዲስ ዘዴ አይደለም። ፈተናውም እንደ ቤተልሔሙ በተግባር ይሁን፤ ልጁ ተቀምጦ ይጻፍ፣ ያስቀምጥ፣ ያትም።

ሙያ በእጅ ይተላለፍበት የነበረ ሌላ ቦታም እዚሁ አለን፤ ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ጋፋት። ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ሠሪዎቹ፣ እነ ቫልድማየርና ዛልሙለር፣ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ መድፍ ማቅለጥ ሥራቸው አልነበረም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፣ እንደገና ሞከሩ፣ በመጨረሻ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ ተቀረጸ። ከአጠገባቸው ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙያውን ይማሩ ነበር። እኛ ግን የምንተርከው ስለ መድፉ ነው። ስድስት ወር ያህል ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፣ ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. አለፉ፣ መድፉም እስከ ዛሬ እዚያው አለ። በጋፋት እሳት አጠገብ ቆመው የተማሩት ልጆች ሙያቸውን ለማን አስተላለፉ? የሚያስተምሩበት ቤት አልቀረላቸውም። ብረቱን ጠብቀን እጁን ጣልነው ማለት ነው።

ይህንኑ ስህተት በቅርቡም ደግመነዋል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትምህርትን በሳተላይት የሚቀበል ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተከለ። መምህሩ በገዛ ክፍሉ ጥግ ይዞ ቆመ፣ ተማሪው በእንግሊዝኛ የሚሮጠውን ትምህርት መከተል አቃተው። መብራት ሲጠፋ ክፍለ ጊዜው አብሮ ጠፋ፤ ስክሪኑ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው በአቅራቢያው አልነበረም። በመጨረሻ ብዙዎቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው አቧራ ጠጡ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍን የሚያስተምረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ይፋ ሆኗል። ለደረሰው ጥሩ ዕድል ነው። ትምህርቱ ግን በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ሐምሌ 2016 ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሉ በኮምፒውተር መፈተን ጀመሩ። እስቲ አስቡት፦ ከስማዳ ወይም ከእብናት ቆላ የመጣ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት የለፋበትን ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ሲፈተን፣ ማውስ በእጁ ሲይዝ የመጀመሪያው ቢሆን? መልሱን ያውቀዋል፤ ቀስቱን ወደ መልሱ ማድረስ ግን ያቅተዋል። ይህ ልጅ በ7ኛ ክፍል በሳምንት አንድ ሰዓት ማሽን ቢነካ ኖሮ እንዲህ አይጨነቅም ነበር።

በጦርነት መካከል ስለ ኮምፒውተር ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫን ይዞ እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጣው ግጭትም ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስንት መምህር ተሰደደ። ከሁሉ በፊት የክፍሉ በር ይከፈት፣ መምህሩ ሳይፈራ ይግባ። ግን በዚህ መካከል የ14 ዓመት ልጅ 17 ዓመት ይሞላዋል። ዕድሜው አይጠብቀንም።

ለመጀመር ኢንተርኔት አያስፈልግም። ያገለገሉ ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ የመብራት መቆራረጥን የሚችል ባትሪ፣ መዝገበ ቃላትና ትምህርት የተጫነበት አንድ ፍላሽ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን መምህር። ደብረ ታቦር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፣ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ኮምፒውተር የሚማሩት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ቢያስተምሩና የተበላሸውን ቢጠግኑ ለራሳቸውም ትምህርት ነው። መምህራኑም ክረምት ላይ ኮሌጅ ሲገቡ ኪቦርዱን ራሳቸው በጣታቸው ይልመዱት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣለውን መምህር አልወቅስም፤ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል።

የመጀመሪያው ትምህርትም በአማርኛ መጻፍ ይሁን። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ኮምፒውተርም ስልክም ያነበዋል። አጻጻፉ ግን በላቲን ፊደል ድምፅ በኩል የሚያልፍ ስለሆነ ለብቻው መማር ያስፈልገዋል፤ ልጁም በዚያው የእንግሊዝኛውን ፊደል ይለምዳል።

ያቺ ልጅ ያን ቀን ከድንጋጤዋ መለስ ስትል ርዕሰ መምህሩ «ግዴለም ልጄ፣ አልተበላሸም» አሏትና የበዛውን ፊደል እንዴት እንደምታጠፋ አሳዩዋት። ራሷ አጠፋችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ጂ»ን ፈለገች፣ ነካ አድርጋ ለቀቀች፤ «ግ» ወጣ። «ዩ»ን ስትነካ «ጉ» ሆነ። «ኤን»ን ለማግኘት ካርቶኗን ከጭኗ ላይ አንሥታ አየች። «ኤ»ን ጨምራ ስትጨርስ በስክሪኑ ላይ «ጉና» የሚል ተጻፈ፤ በመስኮቱ በኩል ተራራው ይታያል።