ማስታወቂያችንን ፎቶ ውስጥ አንቆልፈው



የደርስ ፕሮግራም፣ የመድረሳ ምዝገባ፣ የሰደቃ ጥሪ፤ ይህን ሁሉ ዛሬ የምናገኘው ባብዛኛው በፎቶ ነው። ዲዛይኑ ያምራል፣ ቀለሙ ይስባል። እኛም በዚህ ገጽ ስንት ጊዜ እንዲህ ለጥፈናል! ግን ስልኩ ጽሑፍ እያነበበ የሚያሰማው ዓይነ ስውር ወንድማችን እዚያ ፎቶ ላይ ሲደርስ «ምስል» ከሚል ቃል ሌላ ላይሰማ ይችላል። ደርሱ የት እንደሚሰጥ በጉግል የምትፈልግ እህታችንም ላታገኘው ትችላለች። አሰራጨነው ያልነውን መልእክት ቆልፈንበታል ማለት ነው።

ስለዚህ ዌብሳይት መሥራት የጀመራችሁ ወጣቶች፣ ምክራችን አንድ ነው፦ ከማሳመሩ በፊት ኤለመንቶቹን በደንብ እወቁ። ቁርኣን የቀራ ሰው ሁሉ በአሊፍ፣ ባ፣ ታ ነው የጀመረው። የድረ ገጽ አሊፍ ባ ታ ደግሞ ኤችቲኤምኤል ነው።

ኤለመንት ማለት ለኮምፒውተሩ «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው» ብሎ መናገሪያ ነው። አብዛኛው ኤለመንት ሦስት ክፍል አለው፦ የመክፈቻ ታግ፣ መሃል ላይ ያለው ጽሑፍ እና የመዝጊያ ታግ። ታጉ በሂሳብ የምናውቃቸው የ«ያንሳል» እና የ«ይበልጣል» ምልክቶች መሃል በላቲን ፊደል ይጻፋል። መዝጊያው ላይ ከስሙ በፊት ስላሽ ይገባል።

ለርዕስ ከኤች 1 እስከ ኤች 6 አሉ፤ ዋናው ርዕስ ኤች 1 ነው። ለአንቀጽ ፒ፣ ለሊንክ ኤ እንጠቀማለን። በተራ ቁጥር ለሚዘረዘር ነገር ኦኤል፣ በውስጡ ለእያንዳንዱ ነጥብ ኤልአይ። ለፎቶ አይኤምጂ አለ፤ እሱ መዝጊያ ታግ የለውም፤ ግን «ኦልት» የሚባል መግለጫ ይጨመርበታል። ፎቶውን ማየት ለማይችል ሰው የሚነበብለት እሱ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ተራ ጽሑፍ አተልቀውና አድምቀው ርዕስ አደረግነው ይላሉ። ለዓይን ርዕስ ይመስላል፤ ለሚያነበው ማሽን ግን ተራ ጽሑፍ ነው። ዓይነ ስውሩ ወንድማችን ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ የሚፈልገውን ማግኘት የሚችለው ርዕሱ በርዕስ ኤለመንት ሲጻፍ ነው። ኤለመንት የሚመረጠው በትርጉሙ እንጂ በመልኩ አይደለም።

እኛን በተለይ የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። ጽሑፎቻችን አማርኛና ዐረብኛ ይቀላቅላሉ። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ በመሆኑ፣ ለኮምፒውተሩ ካልነገርነው የዐረፍተ ነገሩ ማብቂያ ነጥብ መጀመሪያው ላይ ሄዶ ይቀመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዐረብኛውን በያዘው ኤለመንት መክፈቻ ታግ ላይ ቋንቋውን በ«ላንግ»፣ አቅጣጫውን በ«ዲር» መግለጽ። የዲን ጽሑፍ ተዛብቶ እንዳይነበብ መጠንቀቅ አማና ነው።

«ዛሬ ሁሉንም ኤአይ ይሠራልን የለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይሠራ ይሆናል። ግን ኤለመንቱን የማያውቅ ሰው የተሠራለት ትክክል መሆኑን በምን ያረጋግጣል? ሥራን በኢትቃን መሥራት ዲናችን ያስተማረን ነው፤ ኢትቃን ደግሞ ያለ እውቀት አይመጣም።

ለመጀመር ውድ ኮምፒውተርም፣ የኢንተርኔት ፓኬጅም የግድ አይደለም። ጽሑፍ መጻፊያ አፕና ብራውዘር ያለው ስልክ ይበቃል፤ በኤችቲኤምኤል ስም ያስቀመጣችሁት ፋይል ያለ ኔትወርክ ይከፈታል። ዛሬ ማታ የሰፈራችሁን መስጂድ የደርስ ፕሮግራም ውሰዱና በርዕስ፣ በአንቀጽና በዝርዝር ጻፉት። ፖስተሩ ይቅር አላልንም፤ ጽሑፉ ግን አብሮት ይለጠፍ። እኛም ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ገጽ እንዲሁ እናደርጋለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ጠቃሚ እውቀትን ይወፍቀን፤ ኒያችንንም ያስተካክልልን። አሚን!