ቦት ጫማዎ ዚፕ ይኑረው ወይስ ይቅርበት?

የፈረስ ግልቢያ ትምህርት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሄልሜቱ ተገዝቷል፣ ሱሪውም ተገኝቷል፤ የቀረው እስከ ጉልበት የሚደርሰው ረጅም የቆዳ ቦት ነው። ዋጋው ደግሞ «ካልሆነኝ ለታናሼ እሰጠዋለሁ» የሚባልበት አይደለም። ሱቅ ገብተው ቢመርጡ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቢልክልዎ ወይም ጫማ ሠሪ ዘንድ ቢያሠሩ የሚጠየቁት አንድ ነው፦ ዚፕ ያለው ይሁን ወይስ የሌለው? ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ገጻችን የምናየው ይህንኑ ነው።

ቦቱ ለጌጥ ብቻ አይደለም

የቀደሙት ፈረሰኞቻችን አውራ ጣታቸውን በትንሽ እርካብ አስገብተው በባዶ እግራቸው ይጋልቡ ነበር። ዛሬ በግልቢያ ትምህርት ቤቶች የምናየው እርካብ ግን ሰፊ ብረት ነው፤ የእግር ግማሽ ይገባበታል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። እግር በእርካቡ ውስጥ ሾልኮ ካለፈ፣ ጋላቢው ሲወድቅ ፈረሱ እየጎተተው ሊሮጥ ይችላል።

ስለዚህ ማንኛውም የግልቢያ ጫማ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ታኮ ያስፈልገዋል። ሶሉም እንደ ተራራ መውጫ ጫማ በጣም የተቦረቦረ ሳይሆን ከእርካብ በቀላሉ የሚወጣ መሆን አለበት። እርካቡ ከጫማው ሰፊ ክፍል በ2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢበልጥ መልካም ነው። ረጅሙ የባት ክፍል ደግሞ እርካቡ የተንጠለጠለበት ጠፍር ባትዎን እንዳይቆነጥጥና እንዳይልጥ ይከላከላል። ዚፕ ኖረውም አልኖረው፣ እነዚህ ነገሮች ከሌሉ በእጅዎ የያዙት የፋሽን ቦት እንጂ የግልቢያ ቦት አይደለም።

ዚፕ የሌለው፦ አስቸጋሪ ግን ታማኝ

ይህኛው እየተጎተተ የሚገባ ነው። ከአፉ በውስጥ በኩል ግራና ቀኝ የተሰፉ የጨርቅ ማንገቻዎች አሉት፤ በእነሱ ሁለት የብረት መንጠቆዎች አስገብተው ወደ ላይ ይስቡታል። ቀጭን ናይለን ካልሲና ትንሽ ፓውደር ሥራውን ያቀልልዎታል። ለማውለቅ ደግሞ ተረከዙን ቆንጥጦ የሚይዝ ጫፉ የተከፈለ እንጨት ወይም አንድ ጉልበተኛ ቤተሰብ ያስፈልጋል።

ትልቁ ጥቅሙ የሚበላሽ ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ቆዳው ጥሩ ከሆነ፣ በየጊዜው እየተቀባ፣ ሶሉና ታኮው እየተቀየረ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቆዳው ሳይቋረጥ ባትን ስለሚከብም የለመዱት ጋላቢዎች ከእሱ መለየት አይወዱም።

ሆኖም ሊያልፉት የማይችሉት አንድ ነገር አለ። ተረከዝዎ በቁርጭምጭሚቱ በኩል ማለፍ አለበት። ከተረከዝ እስከ እግር ጀርባ ያለው ዙሪያ ከቁርጭምጭሚት ዙሪያ ስለሚበልጥ የቦቱ ቁርጭምጭሚት የግድ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል። «እዚህ ጋ ሰፋኝ» ብለው ጫማ ሠሪውን አይውቀሱት፤ ቢያጠብበው አይገባልዎትም። አንዳንዱ ቦት ከፊት ለፊት ቁርጭምጭሚቱ ላይ በክር የሚታሰረውም ለዚህ ነው። ከገባ በኋላ ይጠብቃል፤ እርካብ አሳጥረው መሰናክል የሚዘልሉ ጋላቢዎች ቁርጭምጭሚታቸው ብዙ ስለሚታጠፍ እሱን ይመርጣሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። ጋላቢው ወድቆ እግሩ ቢጎዳና ቢያብጥ፣ ዚፕ ያለው ቦት በቀስታ ሊከፈት ይችላል። ዚፕ የሌለው ግን ተቆርጦ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ሲሆን ለቦቱ አይሳሱ፤ የተጎዳ እግር በጉልበት አይጎተትም።

ዚፕ ያለው፦ ምቹ ግን እንክብካቤ ፈላጊ

ዚፕና ቦት የቆየ ዝምድና አላቸው። በእንግሊዝኛ «ዚፐር» የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ የጎማ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 ለገበያ ካቀረበው በዚፕ የሚዘጋ የጎማ ቦት ነው። ስሙ ከቦቱ ወደ ዚፑ ተላለፈ ማለት ነው።

የዚህ ቦት ምቾት ግልጽ ነው። በቅጽበት ይገባል፣ በቅጽበት ይወጣል። ተረከዝ መሹለክ ስለማይጠበቅበት ቁርጭምጭሚቱ ተለክቶ ሊጠብ ይችላል። ብዙዎቹ ከዚፑ ጎን የላስቲክ ቁራጭ ስላላቸው ባትዎ ትንሽ ቢወፍር ወይም ከሰዓት በኋላ ቢያብጥ አብሮ ይለጠጣል። ወገቡን፣ ጉልበቱን ወይም የጣቶቹን መገጣጠሚያ ለሚያመው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ዚፕ መምረጥ ስንፍና አይደለም፤ በትልልቅ ውድድሮችም የሚጠቀሙበት ጋላቢዎች አሉ።

ችግሩ የቦቱ ደካማ ቦታም ያው ዚፑ መሆኑ ነው። በተለይ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በየእርምጃው ስለሚታጠፍ ቶሎ ይጎዳል። ጭቃ፣ ላብና የፈረስ ጸጉርም በጥርሶቹ መካከል ይሰገሰጋሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ጠባብ ቦት ነው። ቆዳ ቀስ በቀስ ይለጠጣል፣ ዚፕ ግን አይለጠጥም። ትንፋሽዎን ይዘው የሚዘጉት ዚፕ አንድ ቀን ፈረሱ ተጭኖ ሲጠብቅዎት መፈንዳቱ አይቀርም።

ዚፑ የት እንዳለም ይመልከቱ። ከኋላ በኩል የተሰፋው የተሻለ ነው። በውስጥ በኩል ያለው ከኮርቻውና ከፈረሱ ጎን ጋር ስለሚፋተግ ራሱም ያልቃል፣ ኮርቻውንም ይፍቃል።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም። ከግልቢያ በኋላ ዚፑን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ። አልፎ አልፎ ጥርሶቹን በሻማ ሰም አሸት ያድርጉ። ከማውለቅዎ በፊት እስከ ታች ድረስ ይክፈቱት፤ ግማሹን ከፍቶ እግርን መጎተት ዚፑን ይገነጥላል። ሲዘጉ ተረከዝዎን በሚገባ መሬት ላይ አሳርፈው፣ ሁለቱን የቆዳ ጠርዞች በአንድ እጅ አቀራርበው፣ በሌላው ቀስ ብለው ይሳቡ።

ከመክፈልዎ በፊት ይለኩ

የጫማ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የግልቢያ ሱሪዎንና ካልሲዎን አድርገው፣ እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱንም እግሮች ይለኩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበትዎን ቀጥ ባለ ማዕዘን ያጥፉ፤ ከወለሉ እስከ ጉልበትዎ ኋላ መታጠፊያ ያለው ቁመቱ ነው። ከዚያ የባትዎን ወፍራም ክፍል ዙሪያ ይለኩ። ሁለቱ እግሮች ከተለያዩ ትልቁን ይያዙ። ውጭ ላለ ዘመድ የሚልኩት እነዚህን ቁጥሮች ነው፤ በሴንቲ ሜትር ይጻፉለት።

አዲስ የቆዳ ቦት ቁርጭምጭሚቱ ላይ እየተጨማደደ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሲገዙት ረዘም ብሎ የጉልበትዎን መታጠፊያ ጫር ቢያደርግ አይደንግጡ። ዛሬ ልክክ ያለው ከጥቂት ወራት በኋላ ያጥርብዎታል።

ለልጅ ከሆነ

እግሩ ገና እያደገ ላለ ልጅ ረጅም የቆዳ ቦት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ታኮ ያለው አጭር ቦትና በላዩ የሚታሰር የቆዳ ገምባሌ ያን ያህል ይጠብቀዋል፤ እግሩ ሲያድግ ጫማው ብቻ ይቀየራል። የግድ ረጅም ከተባለ ልጁ ያለ ሰው እርዳታ የሚያወልቀው ዚፕ ያለው ይሁን። «ያድግበታል» ብለው ሁለት ቁጥር ጨምረው አይግዙለት። ሰፊ ጫማ እርካብ ውስጥ አደጋ ነው።

ታዲያ የቱን?

ከሻጩ በፊት ጫማ ጠጋኙን ይጠይቁ። ወፍራም ቆዳ የሚሰፋ ማሽን አለው? ያን ያህል ርዝመት ያለው ጠንካራ ዚፕ አግኝቶ ሊቀይርልዎ ይችላል? መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ለሚጋልብ ሰው ዚፕ ያለው ይመቻል። መልሱ «አይ» ከሆነ ዚፕ ሲሄድ ቦቱም አብሮ ሄደ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጉልበትና ትዕግሥት ካለዎት ዚፕ የሌለውን ይያዙ። ወገብዎን ወይም ጉልበትዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን ብዙ አያስቡ፤ ዚፕ ያለውን ወስደው በደንብ ይንከባከቡት።

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ቦትም እንዲሁ ነው፤ እግርዎን ይጠብቅልዎታል እንጂ አይጋልብልዎትም። በልክዎ ይሁን፣ ታኮው አይጥፋ፤ የቀረውን ከፈረሱ ጋር ይጨርሱት። መልካም ግልቢያ!