መልእክተኛ አይነካም

ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ጥናት ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1625 መጽሐፉን ያሳተመው ሆላንዳዊው ሁጎ ግሮቲየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ805 ወደ አኼራ የሄዱት የአቡ ሐኒፋ ተማሪ፣ ኢማም ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ ግን ስለ ጦርነት፣ ስለ ሰላምና ስለ ውል ሕግ «ሲየር» በሚባለው የፊቅህ ዘርፍ አስቀድመው ጽፈዋል። በዚያ ሕግ መሠረት ከጠላት አገር የመጣ ሰው መልእክተኛነቱ ከተረጋገጠ አማን አለው፤ አይነካም።

ይህን ሥራ በሞሱል የተወለዱት ምሁር ማጂድ ኸዱሪ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝኛ አሳትመው ለዩኒቨርሲቲዎች አደረሱት። «እኛ ቀድመናል» ብሎ መፎከር አንድ ገጽ አላስነበበም፤ ያስነበበው የተመራማሪው ልፋት ነው። ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ዐረብኛውንም ዘመናዊውንም ትምህርት ይያዝ፤ አንዱን ለሌላው ሲል እንዲተው አትግፉት።