ጥርስ ባዳ ነውን?

ከፈተና መልስ ሲኒማ ቤት ገብቶ ሁለት ሰዓት መሳቅ መብታችን ነው፤ ከመብትም አልፎ ለደከመ አእምሮ መድኃኒት ነው። ይህን የሚክድ የለም። እኛ የምንከራከረው ከሌላ አስተያየት ጋር ነው። በምግብ አዳራሹም፣ በመኝታ ክፍሉም፣ አንዳንድ ጊዜም በመምህሮቻችን መካከል ደጋግመን የምንሰማው ይህ አስተያየት እንዲህ ይላል፦ ፊልም መዝናኛ እንጂ ሌላ አይደለም፤ በሳቅንበት ነገር አትመርምሩን፤ ጥርስ ባዳ ነው።

እኛ ግን ጥርስ ባዳ ነው ብለን አናምንም። ባዳማ ቢሆን ኖሮ ሰው ሳይመርጥ በሁሉም ላይ እኩል በሳቀ ነበር። በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ የምናየው ጥርስ ግን ዘመድና ባዳ አጥርቶ የሚለይ ጥርስ ነው። በባለ ቪላው አይስቅም፤ ለባለ ቪላው ሻይ ይዛ በምትገባው ሴት ይስቃል። በባለ መኪናው አይስቅም፤ በሩን በሚከፍትለት ዘበኛ ይስቃል። ስለዚህ ያየናቸውን ጥቂት ፊልሞች በአንድ ሚዛን ልናስቀምጣቸው አስበናል። ሚዛኑም ይህ ነው፦ ፊልሙ ትሪ የያዘችውን ሴት ምን አደረጋት?

ከቤታችን እንጀምር። ባለፉት ሃያ ዓመታት በአዲስ አበባ ከተሠሩት የፍቅር ኮሜዲዎች የአንዱንም ስም መጥራት አያስፈልገንም፤ አንዱን ያየ ብዙዎቹን አይቷልና። ሠራተኛዋ ከገጠር የመጣች ናት። ሪሞቱን ከስልኩ ታምታታለች፤ በር ሥር ቆማ ወሬ ታዳምጣለች፤ ወጡን ታሳርራለች። እመቤቲቱ ትጮኽባታለች፤ አዳራሹ ይስቃል። ካፖርቱ የሰፋው ዘበኛ በገጠር አነጋገሩ ፍቅሩን ይነግራታል፤ አዳራሹ እንደገና ይስቃል። ከዚያ የሀብታሙ ልጅና የደሃይቱ ቆንጆ ይጋባሉ፤ መብራት ይበራል፤ ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄዳለን።

ለመሆኑ ይህች ሴት የት ተወለደች? ደመወዟ ስንት ነው? እናቷን ካየች ስንት ዓመት ሆናት? ማታስ የምትተኛው የት ነው? ካሜራው ሳሎኑን፣ ሶፋውን፣ መኪናውን እየዞረ ያሳየናል። የሠራተኛዋን ክፍል በር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አያንኳኳም። «ገረድ» የሚለውን ቃል ትተን «ሠራተኛ» ማለት ከጀመርን ቆይተናል፤ የለወጥነው ግን ቃሉን ብቻ ነው።

ይህን ስንል በጥቂት ገንዘብና በተዋሱት ካሜራ ፊልም የሚሠሩትን ወገኖቻችንን ድካም ማራከሳችን አይደለም። ደግሞም ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ ገበያው የሚጠይቃቸውን ያቀርባሉ፤ ገበያው ደግሞ እኛ ነን። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ያ አዳራሹ የሚስቅበት አነጋገር በዚህ ግቢ የብዙ ተማሪ እናት የምትናገርበት አነጋገር ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከመንዝ ገጠር መጥቶ በመጀመሪያው ዓመት የአፉን ቃና እየሞረደ የሚስተካከል ተማሪ ስንት ነው? ያን ሞረድ በእጁ ያስያዘው ማን ይመስላችኋል?

ከአገራችን ወጥተን እንይ። የፊልሞቹን ዓመታት የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው ፊልም በ1939 ወጣ። ታሪኩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ መጽሐፉን በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ አስነብቦናል። ፊልሙ በቀለሙና በአትላንታው ቃጠሎ ዓይን ይማርካል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ማሚ የተባለችውን ሞግዚት ተመልከቱ። ወደ አራት ሰዓት በሚጠጋው ፊልም ውስጥ የእመቤቷን ወገብ ታጠብቃለች፣ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፤ የራሷ የሆነ ስም ግን አልተሰጣትም። ጦርነቱ አልቆ ባርነት ከቀረም በኋላ የራሷ ጎጆ፣ የራሷ ልጅ፣ የራሷ ጉዳይ ያላት ሴት ሆና አናያትም። ፊልሙ የሚነግረን ባሪያይቱ ጌቶቿን ከነፃነቷ አብልጣ እንደምትወድ ነው። ይህ ፈጽሞ ውሸት ነው።

ማሚን ሆና የተጫወተችው ሀቲ ማክዳንየል በ1940 ኦስካር ተሸለመች፤ ሽልማቱን በማግኘት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያዋ ናት። ፊልሙ አትላንታ ላይ ሲመረቅ ግን በዘር መለያየት ሥርዓት ምክንያት አልተገኘችም። ሽልማቱን በተቀበለችበትም ምሽት ከነጮቹ ባልደረቦቿ ተለይታ በአዳራሹ ዳር ባለ ጠረጴዛ ነው የተቀመጠችው። ፊልም መዝናኛ ብቻ ነው የምትሉ ወገኖች፣ ይህን እንዴት ትፈቱታላችሁ? በሸራው ላይ ለማሚ ቦታዋን የወሰነላት እጅና በአዳራሹ ውስጥ ለሀቲ ወንበሯን የመረጠላት እጅ አንድ እጅ ነው።

አሁን ደግሞ ያንኑ ትሪ ከሌላ ወገን የተመለከተ ሰው እንጥቀስ። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በማርሴይ ወደብ ጫኝና አውራጅ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። በ1966 ባወጣው «ላ ኑዋር ደ» በተባለው ፊልም ዲዋና የምትባል የዳካር ልጅ ልጆች ልትጠብቅ ተቀጥራ ወደ ፈረንሳይ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ ልብስ አጣቢ፣ ወጥ ሠሪ፣ ቤት ጠራጊ ትሆናለች። ከአንቲብ ከተማ የምታውቀው ወጥ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ብቻ ነው። እናቷ የላከችው ደብዳቤ ሲመጣ ጌታዋ በእርሷ ስም ሆኖ መልስ ይጽፍላት ጀመር። አስቡት፤ ጉልበቷን መውሰዱ ሳያንስ ለእናቷ የምትመልሰውን ቃል ሊወስድ! በመጨረሻም በዚያው በምታጥበው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሕይወቷን ታጠፋለች። ጌታዋ ሻንጣዋንና ደመወዟን ይዞ ዳካር ሲሄድ እናቷ ገንዘቡን አልቀበልም ትላለች። ፊልሙ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዲዋና ለሌሎቹ ዝም ስትል ለእኛ በልቧ ትናገራለች። ሴምቤን ያደረገው ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ትሪ የያዘችው ሴት ሐሳብ እንዳላት አሰማን።

ይህን ፊልም ያየ ኢትዮጵያዊ ቤይሩትን፣ ሪያድን፣ ኩዌትን ሳያስብ ሊወጣ አይችልም። በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ሥዕሉ በየስልካችን ሲደርስ በዚህ አገር ያልተቆጣ አልነበረም። ቁጣው ትክክል ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን። ቤይሩት ስትሆን እህታችን የምንላት፣ ቦሌ ስትሆን መሳቂያችን የምትሆነው በየትኛው ሕግ ነው? እዚያ ስትሰደብ የምናለቅስ፣ እዚህ ስትሰደብ ትኬት ገዝተን የምንስቅ ከሆነ፣ እንባችን ለባንዲራው እንጂ ለእርሷ አልነበረም ማለት ነው።

የራሳችን ሰው የሠራውን እንጥቀስ። ኃይሌ ገሪማ ካሊፎርኒያ በተማሪነት ሳለ በ1974፣ አገሩ በአብዮት ዋዜማና በአብዮት መካከል በምትናወጥበት ወራት፣ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በጥቁርና ነጭ አነሣ፤ ፊልሙም በ1976 ወጣ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አብረውን ያዩት ጓደኞቻችን «ይጎትታል፣ ያስተኛል» አሉ። እኛ ደግሞ እንላለን፦ እርሻ ይጎትታል። ውኃ መቅዳት ይጎትታል። የባላባቱን ከብት ከጥዋት እስከ ማታ መጠበቅ ይጎትታል፤ ጠባቂዋ ልጅም ከጎርፍ ላም ላድን ስትል ሕይወቷ ያልፋል። የጭሰኛውን ድካም በሦስት ደቂቃ ሙዚቃ አሳጥሮ የሚያሳይ ፊልም ድካሙን ሰርቆታል። ኃይሌ ግን ሰዓቱን ለባለቤቱ መለሰለት። እብድ የተባለው ከበበ ብቻውን እውነቱን ሲናገር፣ ጤነኛ የተባለው ሁሉ ዝም ሲል፣ ማን እብድ እንደሆነ ፍርዱን ለተመልካቹ ተወለት።

ከቅርቡ ዘመን ሁለት ፊልሞች እንጨምር። የሜክሲኮው አልፎንሶ ኩዋሮን በ2018 ያወጣው «ሮማ» በልጅነቱ ያሳደገችውን ሞግዚት የሚያስታውስ ነው፤ ሦስት ኦስካር አግኝቷል። ክሊዮ የምትባለው ሠራተኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የፊልሙ መሐል ናት፤ ከጓደኛዋ ጋር በራሷ በሚክስቴክ ቋንቋ ስትጫወት መስማት ደስ ያሰኛል። ሆኖም ቅሬታችንን አንደብቅም። ክሊዮ ዋና ሳትችል ባሕር ገብታ የአሳዳሪዎቿን ልጆች ታድናለች፤ ቤተሰቡ አቅፏት «እንወድሻለን» ይላታል። ቤት ሲደርሱ ግን የሙዝ ጭማቂ ሥሪልን ትባላለች፤ እርሷም የሚታጠበውን ልብስ ተሸክማ ደረጃውን ትወጣለች። ብዙ ተመልካች በፍቅሩ አለቀሰ። እኛ በደረጃው አዘንን። ፍቅር ደመወዝ አይጨምርም፤ የእረፍት ቀንም አይሰጥም። «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የሚለውን ቃል በአገራችንም ደህና አድርገን እናውቀዋለን፤ ያች «ልጅ» ግን ከልጆቹ ጋር ማዕድ ስትቀርብ አናይም።

የኮሪያው ቦንግ ጁን ሆ በ2019 ያወጣው «ፓራሳይት» ከዚህ የበለጠ መራራ ነው። ደሃው ቤተሰብ በሀብታሙ ቤት ሥራ ለማግኘት የቀድሞዋን ቤት ጠባቂ በተንኮል ያስባርራል። ቆይቶ ከምድር ቤቱ በታች ሌላ ደሃ ተሸሽጎ ይገኛል፤ ሁለቱ ደሆች በአንድ ጉድጓድ ይናከሳሉ፤ ከላይ ያለው ጌታ የሚያሳስበው የሾፌሩ ጠረን ነው። አዳራሹ በዚህም ፊልም ይስቃል። ነገር ግን ፊልሙ ከመካከሉ በኋላ ያንን ሳቅ ጉሮሮ ላይ ያቆመዋል፤ ተመልካቹን «በማን ነበር የምትስቀው?» ብሎ ይጠይቀዋል።

እዚህ ላይ የሚነሣውን መቃወሚያ እናውቀዋለን። «እናንተ ፊልም ስብከት እንዲሆን ትፈልጋላችሁ፤ ሳቅን ልትከለክሉ ነው» ይሉናል። አይደለም። ቻርሊ ቻፕሊን በ1936 ባወጣው «ሞደርን ታይምስ» የምሳ ሰዓት ለመቆጠብ ሠራተኛውን እንዲያጎርስ የተሠራ ማሽን አለ። ማሽኑ ይበላሽና በቆሎውን በጥርሱ ላይ ያሽከረክርበታል፤ በሾርባ ያጥበዋል። ይህን አይቶ ያልሳቀ ሰው ካለ ሐኪም ይየው። ነገር ግን የተሳቀበት ማን ነው? የሰውን ጉርሻ እንኳ በደቂቃ የሚቆጥረው የፋብሪካው ጌታና ማሽኑ ናቸው። እንግዲህ የምንለው ይህ ነው፤ ሳቅ ወደ ላይም ወደ ታችም ይወረወራል፤ ወርዋሪው እጁን ይወቅ።

ነገሩ ደግሞ በሸራ ላይ አያበቃም። የሕግ መምህሮቻችን እንደሚያውቁት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን የመሰለውን የግል አገልግሎት ቅጥር ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣለታል ብሎ አለፈው። የፋብሪካው ሠራተኛ የሥራ ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ በአዋጅ ተጽፎለታል፤ ወጥ ቤት ላለችው ግን ሌላ ቀን ተባለ። ካሜራው የሠራተኛዋን ክፍል በር አላንኳኳም ብለን ነበር፤ አዋጁም አላንኳኳም። የማይታይ ሰው ሕግ አይወጣለትም፤ ሲሳቅበት የኖረ ሰው ደግሞ «ተበደልኩ» ሲል የሚሰማው የለም። በዚህ ግቢ ካለን ተማሪዎች ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለች ሴት እጅ ጎርሰን፣ በእርሷ ጀርባ ታዝለን ያደግን ነን። ነገ ዳኛ፣ ሕግ አርቃቂ፣ ጋዜጠኛ፣ የፊልም ደራሲ የምንሆነውም እኛው ነን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በግቢያችን ፊልም በታየ ቁጥር መብራቱ እንደበራ ከመበተን ይልቅ ግማሽ ሰዓት ውይይት ይደረግ፤ «ላ ኑዋር ደ» እና «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በመጀመሪያው ተራ ይግቡ። ሁለተኛ፣ መኝታ ቤታችንን የሚጠርጉት እናቶችና በር የሚጠብቁት አባቶች በነፃ ይጋበዙ፤ አስተያየትም ከእነርሱ ይጀመር። በእነርሱ ፊት ለመሳቅ የምናፍርበት ቀልድ ከሆነ፣ ከእነርሱ ጀርባም ቀልድ አይደለም። ሦስተኛ፣ የፊልም ድርሰት የምትጽፉ ጓደኞቻችን፣ ሠራተኛዋን ወደ ሳሎን ከማስገባታችሁ በፊት ስሟን፣ አገሯን፣ ደመወዟንና የእረፍት ቀኗን ጻፉ። ይህን ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የምታስቅ ሆና ካገኛችኋት፣ ያን ጊዜ አብረናት እንስቃለን።

ጥርስ ባዳ አይደለም። በቤታችን ያደገ፣ ቤታችን ያስተማረውን የሚደግም ቤተኛ ነው። ይህን አንቀበልም የሚል ካለ ብዕሩን አንሥቶ በሚቀጥለው እትም ይሞግተን፤ ሠራተኛ ላይ መሳቅ ለምን እንደሚገባ በጽሑፍ ያስረዳን።