ለዴዴሳ ጠላቂዎች ልብስ ከመግዛታችን በፊት

ዴዴሳ ከአርጆ ደጋ ግርጌ የሚያልፍ የዓባይ ትልቅ ገባር ነው። በሸለቆው የሸንኮራ አገዳ እርሻና የአርጆ ዴዴሳ ስኳር ፋብሪካ ከመጡ ወዲህ ከውሃው ጋር የሚውለው ሰው በዝቷል፤ ቦይ የሚጠርገው፣ ፓምፕ የሚጠብቀው፣ ከሥራ በኋላ ገላውን የሚታጠበው ሁሉ። ወንዝ ሰው ሲወስድ ቀድሞ የሚገባው ደግሞ ዋና የሚችል የሰፈር ጎረምሳ ነው፣ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮለት። ብዙ ጊዜ የሚገባው ነፍስ ለማትረፍ ሳይሆን አስከሬን ለማውጣት ነው። ይህም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ አስከሬን ያላገኘ ቤተሰብ እርሙን አያወጣም። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ለዚህ ሥራ ጠላቂ ዋናተኞች አሉት። ለወለጋ ከተሞችም ነቀምቴ ላይ የተደራጀ ቡድን ይገባቸዋል ባይ ነኝ። ክርክሬ ግን ከዚህ ይጠብባል፦ ለቡድኑ የሚታሰበው ውሃ የማያስገባ ልብስ፣ ድራይሱት የሚሉት፣ ከነጥገና በጀቱ ካልታቀደ ባይገዛ ይሻላል።

«ዴዴሳ ቆላ ነው፤ ይህ የበረዶ አገር ዕቃ ነው» የሚል ይኖራል። ከፊሉ እውነት ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ ልብሱ የታሰበው ለቀዝቃዛ ባሕር ነው። በዴዴሳ ዳር ፀሐይ ላይ ለብሶት የሚቆይ ጠላቂ ሙቀቱ ሊጥለው ይችላል፤ ስለዚህ ሊገባ ሲል ይልበሰው፣ ከሥሩም ስስ ልብስ ይበቃዋል። እኔ የምፈልገው ግን ለብርድ ሳይሆን ለቆዳ ነው። የቢልሃርዚያ እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ እየዋኘ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ። ግድብና የመስኖ ቦይ ለቀንድ አውጣው ይመቸዋል፤ በዚያው በወለጋ፣ በፊንጫ ሸለቆ የስኳር እርሻ፣ በሽታው በጥናት ተመዝግቧል። ተራው የዋናተኛ ጎማ ልብስ ውሃውን ቆዳ ድረስ ያስገባዋል። ድራይሱት ግን አንገትና እጅ አንጓ ላይ በሚጣበቅ ስስ ጎማ ያግደዋል፤ ጓንትና ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ጭንብል ሲጨመርበት ሰውየው ከውሃው ጋር አይነካካም። አዞና ጉማሬን አይመልስም፤ እነሱን ዳር የቆመ ሰው ይጠብቃቸው።

ችግሩ ልብሱ ባለቤቱን ሊገድልም መቻሉ ነው። ጠላቂው ሲወርድ በልብሱ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፤ 10 ሜትር ገደማ ላይ በግማሽ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ደረቱ ላይ ባለው ቫልቭ አየር ይጨምራል፣ ሲወጣም ክንዱ ላይ ባለው ያስተነፍሳል። ማስተንፈሻው በደለል ከተደፈነ ልብሱ ይነፋና ሰውየውን ያለፈቃዱ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ በዚህ ጊዜ ትንፋሹን የያዘ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ለወለጋ የተለየ ጉዳይም አለ። ጠላቂዎች የሚመሩበት የተለመደው የጥልቀትና የሰዓት ሰንጠረዥ የተዘጋጀው ለባሕር ጠለል ነው፤ ጠልቆ የወጣ ሰው ወዲያው መኪና ውስጥ ገብቶ ከሸለቆው ወደ አርጆ ደጋ ቢወጣ የከፍታው ለውጥ በደሙ ያለውን ናይትሮጅን አረፋ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ሥልጠና እንጂ ግዢ አይፈታውም።

ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ልብሱ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ከውጭም ከውስጥም ጥላ ሥር እስኪደርቅ ይሰቀላል። ቫልቮቹ ይታጠባሉ፤ የብረት ዚፑ በብሩሽ ተጠርጎ ሰም ይቀባል፣ በምንም ዓይነት አይታጠፍም። የአንገቱና የእጁ ጎማ ሽታ የሌለው ፓውደር ይነሰነስበታል፤ ፀሐይ፣ ላብና ዘይት ይበሉታልና። ባይለበስም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሰነጠቃል። በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ ታጥፎ፣ ካርቶን ውስጥ የተረሳ ልብስ መዝገቡ ላይ አዲስ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ግን ያፈሳል።

«አምቡላንስና መድኃኒት ሳይሟላ ስለ ጠላቂ ልብስ?» ማለትም ተገቢ ጥያቄ ነው። አምቡላንሱ ይቅደም፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ጎረምሳውን ዛሬም ያለ ምንም መከላከያ ወደዚያ ውሃ እየላክነው ነው፤ ወጪውም ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ላይ መልሶ ይመጣል። ልብሱን የሚጠይቅ ጽሕፈት ቤት ካለ በግዢ መጠየቂያው ላይ መለዋወጫ ጎማውን፣ ሰሙን፣ የማድረቂያ ክፍሉን፣ የዓመት ሥልጠናውንና ኃላፊነቱን የሚወስደውን ሰው አብሮ ይጻፍ። እነዚህ ያልተጻፉበትን መጠየቂያ የፋይናንስ ክፍሉ አይፈርም።